«እግርሽ አልዘገየም» ላሉኝ ለደብረ ማርቆሱ ጋሼ ምስጋና

ወገኖቼ፣ ይህን ሳልጽፍ ብቀር ውለታ ቢስ መሆኔ ነው። ደብረ ማርቆስም በዙሪያዋም ያላችሁ፣ ቴፕ ይሁን አምፕሊፋየር፣ ማይክራፎን ይሁን ኪቦርድ፣ ብቻ ድምፅ የሚያወጣ ዕቃ የተበላሸባችሁ ሁሉ፣ ገንዘባችሁን ሌላ ቦታ ሳትበትኑ እኒህን ሰው አግኟቸው። «አደራ ስሜን እንዳትጽፊው» ስላሉኝ ጋሼ እያልሁ እቀጥላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ኦርጋን እማራለሁ። ባለ ቧንቧው ኦርጋን በአካባቢያችን ስለሌለ የምማረው በላፕቶፕ ነው። ግራንድ ኦርግ የሚባል በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም አለ፤ የእውነተኛ ኦርጋን ቧንቧዎች ድምፅ አንድ በአንድ ተቀድቶ ይጫንበታል፤ ኪቦርዱን ስትነኩት የዚያው ቧንቧ ድምፅ ይወጣል። በእግር የሚመታውን 30 መርገጫ የሰፈራችን አናጢ ከዋንዛ ሠሩልኝ፣ ሽቦውን አንድ ተማሪ ከአሮጌ ኪቦርድ አውጥቶ ገጠመልኝ። እነሱም ይባረኩ።

የተነሣሁት የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የባህን ፓሳካሊያ የሚባለውን ቁራጭ ለመማር ነው፤ በሲ ማይነር የተጻፈው፣ በሥራዎቹ ዝርዝር 582ኛው። እጅ ሳይገባበት እግር ብቻውን ይጀምራል። 8 ባር፣ 15 ኖታ። የመጨረሻዋ ኖታ ግራ ጥግ ያለችው መርገጫ ነች፣ ከሁሉም ወፍራሟ ድምፅ። ከዚያ ያች 15 ኖታ እየተመላለሰች፣ እጅ በላይዋ 20 ጊዜ መልኩን እየለዋወጠ ይሄዳል፤ እያንዳንዱን መልክ ቫሪዬሽን ይሉታል። በመጨረሻ ፉጉ፣ አንዱ ዜማ በየድምፁ እየተከታተለ የሚገባበት ክፍል፣ ይመጣል።

ከባድ ነው። «ቀለል ያለ ጀምሪ» ያሉኝ ብዙ ናቸው፤ እምቢ ያልሁበት ምክንያት አለኝ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መሪጌታ ነበር። ልጅ ሳለሁ ማሕሌት ይዞኝ ይሄድ ነበር፤ እኔ ዓይኔ ከካህናቱ እግር አይነቀልም። መቋሚያው ወዘወዝ ሲል፣ እግር ቀስ ብሎ ተነሥቶ መልሶ ሲረግጥ። ፓሳካሊያን መጀመሪያ የሰማሁት አባቴ ካረፈ በኋላ ነው። ያ እግር ብቻውን ሲጀምር ፊቴ የመጣው እሱ ነው። ሌላ ቁራጭ መማር አልቻልሁም።

ግን ስምንት ወር ሙሉ እግሬ ይዘገይብኛል። እረግጣለሁ፣ ድምፁ ኋላ ይመጣል። እጄ እግሬን ልጠብቅ ሲል ይዘገያል፣ እግሬ ይብሱን ይጎተታል፤ አራተኛው ቫሪዬሽን ላይ ስደርስ ሁሉም ይፈርሳል። በቀን ሁለት ሰዓት ተለማመድሁ፣ ሦስት ሰዓት አደረግሁት፤ ያው ነው።

ማን ጋ ያልሄድሁት አለ? አንዱ ላፕቶፔን ሦስት ሳምንት አስቀምጦ «ሚሞሪው ነው» ብሎ 4,500 ብር ተቀበለኝ። ቤት ገብቼ ስከፍተው ምንም ለውጥ የለም። ተመልሼ ስሄድ ከስልኩ ላይ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ባህ በ20 ዓመቱ ኦርጋን ለመስማት ከአርንስታት እስከ ሉቤክ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ሄዷል ይባል የለም? እኔስ 300 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ብሄድ ምን አለበት ብዬ፣ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አቅፌ ዓባይ በረሃን ተሻግሬ አዲስ አበባ ወረድሁ። እዚያ ያገኘሁት ባለሙያ አንዲት ኖታ እንኳ ሳያስመታኝ «ይሄ አርጅቷል፣ አዲስ ግዢ» አለኝ። በቃ ይኸው ነው ምክሩ። ሌላው ደግሞ፣ በስልክ ያማከርሁት ሙዚቃ አዋቂ፣ «ኦርጋን እንዲያ ነው፣ በትልልቅ ካቴድራልም ድምፁ ዘግይቶ ነው የሚሰማ፣ ልመጂው። ካልሆነልሽ ዕድሜሽ ሄዷል ማለት ነው» አለኝ። እርግጥ ነው፣ በትልቅ ካቴድራል ቧንቧው ሩቅ ስለሆነ ድምፁ ይዘገያል። የእኔ ክፍል ግን ሦስት በአራት ነው! ዕድሜሽ ሄዷል ያለኝን እስካሁን አልረሳሁትም። ያን ሳምንት መርገጫውን በነጠላ ሸፍኜው ከረምሁ።

ጋሼን የጠቆሙኝ አናጢው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ቴፕና አምፕሊፋየር ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ኦርጋን የሚባል ነገር አይተው አያውቁም። በክረምት ማታ፣ ዝናብ እየጣለ፣ ቤቴ ድረስ መጡ። ላፕቶፑን አልነኩትም። ይህን ልብ በሉልኝ፣ አልነኩትም። «በይ እስቲ ምቺው» አሉኝ። ጫማዬን አውልቄ 15ቱን ኖታ መታሁ። «ድገሚው።» ደገምሁት። ካፖርታቸውን ሰብሰብ አድርገው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉና ጆሯቸውን ግራ ጥግ ወዳለችው መርገጫ አስጠጉ። «ይችን ብቻ፣ ቀስ ብለሽ።» መታሁ። እንጨቱ ቋ ይላል፣ ከዚያ ድምፁ ይመጣል። «አሁንም።» ቋ፤ ድምፁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን ያነሣሉ፣ ይጥላሉ። አምስት ስድስት ጊዜ እንዲህ አስደረጉኝ። ከዚያ ቀና ብለው፣

«ልጄ፣ እግርሽ አልዘገየም። የዘገየ ድምፁ ነው» አሉኝ።

አለቀስሁ። ስምንት ወር ሙሉ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም።

«ድምፁ በየት ነው የሚወጣው?» ሲሉኝ ብሉቱዝ ስፒከሬን አሳየኋቸው። ገመድ አልባ ስፒከር ድምፁን ተቀብሎ እስኪያወጣው ጊዜ ይፈጅበታል፤ ዘፈን ለሚሰማ ሰው ምንም አይደል፣ ለሚጫወት ግን አይሆንም አሉኝ። ለካ እጄም እንደ እግሬ ሲዘገይ ነበር፤ እጄን ስለማምነው ግን እግሬን ብቻ ስወቅስ ኖሬአለሁ። ከሱቃቸው አሮጌ አምፕሊፋየር አስመጡ፣ በገመድ አያያዙት፣ ላፕቶፑ ውስጥም የሆነ ነገር አስተካከሉ፤ እሱን አልገባኝም። መሐል ላይ መብራት ጠፋ። ሌላው ቢሆን «ነገ እመጣለሁ» ብሎ ሄዶ ቀረ ማለት ነበር። እሳቸው ቡና አፍልቼላቸው፣ በሻማ ስለ አባቴ እየጠየቁኝ፣ መብራት እስኪመጣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ድረስ ቆዩ። ሲመጣ ግራዋን ጥግ ረገጥኋት። ቋውና ድምፁ አንድ ላይ ወጡ።

የጠየቁኝ 600 ብር ነው። አምፕሊፋየሩን «የራስሽን እስክትገዢ ይቆይሽ» ብለው ትተውልኝ ሄዱ። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?

ስለዚህ ደግሜ እላለሁ፣ እኒህን ሰው አግኟቸው። የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ የሚጮህባችሁ፣ የሠርግ ዕቃ የምታከራዩ፣ ኪቦርድ የሚያስቸግራችሁ፣ እሳቸው ጋ ውሰዱት። ሱቃቸው ከመናኸሪያው ብዙ አይርቅም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አቅጣጫውን እነግራችኋለሁ። ስትሄዱ የጆሯቸውን ነገር ታዩታላችሁ።

እኔ አሁን አሥራ ሁለተኛው ቫሪዬሽን ላይ ነኝ። ጋሼ፣ ፉጉን ስጨርስ ቡናውን አቅርቤ እጠራዎታለሁ፤ ወለል ላይ አይቀመጡም፣ ወንበር አዘጋጅቼልዎታለሁ።