ኒዝደን ላገኘናቸው እናት፣ ከልብ አመሰግናለሁ

እማዬ ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀኝ ለንደን መጥታ ነበር። የት ልውሰዳት ብዬ ሳስብ እዚያው ለንደን፣ ኒዝደን የሚባል ሰፈር ያለው የሂንዱ ቤተ መቅደስ ትዝ አለኝ። አያቴ ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ። እማዬ የመሮና የመዶሻ ድምፅ እየሰማች ነው ያደገችው፤ የተጠረበ ድንጋይ ካየች ጠጋ ብላ ሳትመረምር አታልፍም።

በር ላይ ጫማ ይወልቃል። ይሄ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ችግሩ የእማዬ ጉልበት ነው፣ ጎንበስ ማለት አይሆንላትም። እኔ ላወልቅላት ስል ሳሪ የለበሱ አንዲት ትልቅ ሴት ወንበር ይዘው ደረሱ። አስቀመጧትና በርከክ ብለው የጫማዋን ክር ራሳቸው ፈቱላት። "ኧረ በስመ አብ! ተይ እህቴ!" ብትል ማን ሰምቷት።

ከየት እንደመጣን ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው ፊታቸው በራ። ለካ ኬንያ ነው የተወለዱት! "ካሪቡ ዳዳ" አሏት፤ በስዋሂሊ እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ እንደማለት ነው።

ከዚያ በኋላ አልተለዩንም። ውስጡ ነጭ እብነ በረድ ነው። ምሰሶው ላይ የተቀረጹት ምስሎች የእጅ አምባራቸው ሳይቀር ይለያል። ጉልላቱ ደግሞ ጥልፍ እንጂ ድንጋይ አይመስልም። እማዬ ቀና ብላ ስታይ ቆየችና "ብረቱ የታል?" አለች። ተረጎምኩላቸው። ሴትዮዋ ጥያቄውን ወደዱት። ቤተ መቅደሱን የተሸከመ ብረት የለም። 2,828 ቶን የኖራ ድንጋይ ከቡልጋሪያ፣ 2,000 ቶን እብነ በረድ ከጣሊያን ወደ ህንድ ተጭኖ፣ ከ1,500 በላይ ጠራቢዎች ቀርጸውት፣ 26,300 ቁራጭ ሆኖ ለንደን ገባ። እዚህ ተገጣጥሞ በ1995 እ.ኤ.አ. ተመረቀ።

እማዬ ዝም አለች። ቆይታ "ላሊበላ አንድ አለት ነው፣ ከሳትክ መመለሻ የለህም። ይሄ ደግሞ አንዷ ከተዛነፈች ሌላው አይገጥምም" አለች። የጠራቢ ልጅ ናት እኮ!

መግቢያው በነፃ ነው። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፣ ትልቅ ቦርሳ አትያዙ፣ ውስጥ ፎቶ ማንሳት አይቻልም። አስተናጋጆቹ ያለ ደሞዝ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ናቸው። ለሻይ ብዬ የዘረጋሁትን ገንዘብ ሴትዮዋ እጄን አጥፈው መለሱልኝ። አረጋዊ እናት ወይም አባት ካላችሁ ሳትሳቀቁ ውሰዷቸው።

እማዬ አገሯ ገብታለች። ስደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ "ያቺ እህቴ ደህና ናት?" ብላ ነው። የፊታችን ቅዳሜ ሄጄ ሰላምታዋን አደርሳለሁ።