ደሞዝ ይዞ በጎን ፎቶ ማንሳት ወይስ ለቆ መግባት?

የቢሮ ሠራተኛ ናችሁ እንበል፤ ልባችሁ ግን ካሜራው ላይ ነው።

ገንዘብ፦ ደሞዝ ወሩን ጠብቆ ይገባል። ለጡረታም በግል ድርጅት ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። የሠርግ ፎቶ ግን ወቅት አለው። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ሥራው ይጎርፋል፤ በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት የኦርቶዶክስ ሠርግ የለም። የቤት ኪራይ ደግሞ ጾም አያውቅም።

ጊዜ፦ ሠርግ ብዙውን ጊዜ ቅዳሜና እሁድ ስለሆነ በጎን ለሚሠራ ይመቻል። ጣጣው ሰኞ ይጀምራል፦ ፎቶ መምረጥ፣ ቀለም ማስተካከል፣ አልበም ማሳተም። ሙሽራዋ ትደውላለች፣ አለቃም ይጣራል። ለቆ የገባ ይህን ተረጋግቶ ይሠራዋል።

ስጋት፦ ለለቀቀ ሰው ካሜራ ተሰበረ ማለት እንጀራ ተቋረጠ ማለት ነው። በጎን የሚሠራው «ትንሽ ልቆይ» ሲል ዓመታት ያልፉታል። ለእኔ ይሄኛው ይብሳል።

ራስን መሆን፦ እዚህ ላይ ደሞዝተኛው ሳይበልጥ አይቀርም። የመንገድ ላይ ፊቶችን ማንሳት የሚወድ ሰው፣ ለቆ ሲገባ ኬክ ሲቆረስ ሲያነሳ ይውላል። ደሞዝ ያለው ግን የማይወደውን «ይቅርብኝ» ማለት ይችላል።

ቤተሰብ የሚያስተዳድር፣ ካሜራውንም በብድር የገዛ፣ ለጊዜው ባይለቅ ይሻላል። ጾሙን የሚያሻግር ተቀማጭ ያለውና ለጥር ቀብድ የተቀበለ ግን ቢለቅ አልፈራለትም። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያውን ብቻ አይርሳ።