ከቀብድ በፊት ቀለበቱን ወደ በር አውጡት

ለጥምቀት አገር ቤት ስገባ ካሰብኳቸው ጉዳዮች አንዱ ቀለበት ነበር። እናቴ በ1983 ዓ.ም. ለእኔ መንገድ ብላ የሸጠችው ባለ አልማዝ ቀለበት ነበራት። ልጄ ዘንድሮ ልታገባ ነው፤ መልኩ ያንን የሚመስል አሮጌ ቀለበት ከአዲስ አበባ ገዝቼ ልሰጣት ፈለግሁ። በምኖርበት ሜሪላንድ አሮጌ ቀለበት ጠፍቶ አይደለም። ከአገር ቤት እንዲሆን ብዬ ነው።

አንድ ወርቅ ቤት አገኘሁት። 750 የሚል ማኅተም ያለበት ባለ 18 ካራት ቢጫ ወርቅ፣ መሃሉ ላይ የድሮ አቆራረጥ ያለው ድንጋይ። በዚያ ሁሉ መብራት ሲያብረቀርቅ እንባዬ መጣ። ግን ድንጋዩን ቆንጥጠው ከያዙት የወርቅ ጥፍሮች ከአንዱ ሥር የምትነሣ፣ ፀጉር የመሰለች ነጭ መስመር አየሁ። «እህቴ፣ ቆሻሻ ነው፤ ስንት ዓመት የተቀመጠ ዕቃ አይደል? ሲታጠብ ይለቃል» አለኝ ሻጩ። ዋጋው 180 ሺህ ብር ነው። አጥቦና ለልጄ ጣት አጥብቦ በማግስቱ ሊሰጠኝ 40 ሺህ ቀብድ ከፈልኩ። ደረሰኝ ስለው «ስትረከቢ አንድ ላይ» አለ፤ እሺ አልኩ።

በማግስቱ ስሄድ ሠራተኛው ለቅሶ ሄዷል። በሦስተኛው ቀን መብራት የለም። በአራተኛው ቀን ቁልፉን የያዘው ሰው አልመጣም። የሦስት ሳምንት ፈቃድ ይዞ ለመጣ ሰው እነዚህ ከእናት ጋር ቡና የሚጠጣባቸው ጠዋቶች ነበሩ፤ የሚመልስልኝ የለም። በአምስተኛው ቀን ቀለበቱ ታጥቦ ወጣ። መስመሯ እዚያው ናት፤ እንዲያውም ጎልታ ትታያለች። ዋጋው ደግሞ «ለእጥበትና ለማጥበቢያ» ተብሎ 195 ሺህ ገብቷል። ማጉያ መነጽር ስጠይቅ የለንም አሉኝ። ወርቅ ቤት ሆኖ! እኔ ሜሪላንድ በምገበያይበት ሱቅ ሻጩ ሳይጠየቅ ነው ማጉያውን የሚያቀብለኝ።

የአክስቴ ልጅ አንድ ሽማግሌ ወርቅ ሠሪ ያውቃል፤ ሙያውን ከአርመን አንጥረኛ የተማሩ ናቸው። ሱቃቸውን ዘግተው፣ 10 እጥፍ የሚያጎላውን ማጉያ ኮት ኪሳቸው ከተው መጡ። (የአሜሪካው የከበሩ ድንጋዮች ተቋም ጂአይኤ (GIA) የአልማዝን ጥራት የሚመድበውም በዚሁ መጠን አጉልቶ ነው።) መጀመሪያ ቀለበቱን ከመብራቱ ሥር አውጥተው ወደ በሩ ወሰዱት። ማጉያውን ዓይናቸው ላይ አስጠግተው፣ ቀለበቱን በቀስታ ወደ ማጉያው እያመጡ ዙሪያውን አዩት። ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ።

«መሃሉ ላይ ክብ ቀዳዳ የመሰለ ነገር አየሽ? እሱ ጉድለት አይደለም። ያኔ የድንጋዩን የታችኛውን ጫፍ አያሾሉትም፣ ይቆርጡታል። ይቺ ጥቁር ነጥብም ጥልቅ ውስጥ ናት፤ ዋጋ ትቀንሳለች እንጂ አትጎዳም። ይቺ መስመር ግን ስንጥቅ ናት፤ ጠርዙ ላይ ወጥታለች። አንድ ቀን ከጠረጴዛ ጋር ሲጋጭ ድንጋዩ ይሸረፋል።» መስመሯ የምትነሣበት ጥፍር ከሌሎቹ ወፍሮ፣ በአዲስ ብየዳ ተተክቷል፤ ሥሩ ድንጋዩ ትንሽ ተሸርፏል። የቀሩት ሦስቱ ጥፍሮች አልቀው ቅጠል ሆነዋል። አልማዝ ቅባት ስለሚይዝ ቆሻሻማ ይይዛል፤ እሱ ግን በለብታ ውኃ፣ በሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ የሚለቅ ነው። አምስት ቀን አይፈጅም።

ቀብዴን ለማስመለስ አንድ ሰዓት ተኩል ተከራከርን። ደረሰኝ የለኝም። ሽማግሌው ባያማልዱኝ ኖሮ ምንም አላገኝም ነበር፤ 25 ሺህ መለሱልኝ፣ 15 ሺህው «የሥራ» ተብሎ ቀረ። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ቀለበቱ ዓይናችሁ እያየ ይታጠብ፣ በቀን ብርሃን ይታይ፣ ያያችሁት ጉድለት ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። የድንጋዩን ካራት፣ ማለትም ክብደቱን፣ ሲነግሯችሁም ድንጋዩ ከቀለበቱ ሳይወጣ የተባለ ክብደት ግምት መሆኑን እወቁ።

ሽማግሌው ለድካማቸው አንድ ብር እንኳ አልተቀበሉኝም። አሮጌ ቀለበት እጃቸው ከገባ ፎቶ ሊልኩልኝ ስልኬን ይዘዋል። «ደጅ አውጥቼ ነው የማነሣልሽ፣ ልጄ» ብለውኛል።