ዚፕ ስላለው ብቻ ይታጠባል ብላችሁ እንዳትገዙ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው፤ ከበረደ በኋላ ይሉኝታ ይይዘኛል። «ልጆች ላሉበት ቤት የተዘጋጀ ሙሉ የሳሎን ጥቅል» እየተባለ የሚሸጠውን ዕቃ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ቀብድ ሳትከፍሉ ይቺን አንብቡ። እኛ የገዛነው ጥቅል ያው የምታውቁት ነው፦ ኤል ቅርጽ ሶፋ፣ የመስታወት ጠረጴዛ፣ ጸጉራም ምንጣፍ፣ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ፣ ላዩ ላይ ደግሞ «በስጦታ» የተጨመረ ባለ ሪሞት የግድግዳ መብራት።

ሻጩንም ታውቁታላችሁ። በር ላይ ተቀብሎ የልጆቹን ዕድሜ የሚጠይቅ፣ «እኔም የልጆች አባት ነኝ» የሚል፣ ቅናሹን ጆሮ ላይ የሚያንሾካሹክ ዓይነት ነው። ትርኢቱም አንድ ነው። መጀመሪያ በብርጭቆ ውሃ አምጥቶ ሶፋው ላይ ጠብ ጠብ ያደርጋል፤ ውሃው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ይወርዳል። ቀጥሎ የመቀመጫውን ትራስ ብድግ አድርጎ ዚፑን ከዳር እስከ ዳር ጥርርር ያደርገዋል። «ይኸው! አውልቆ ማሽን ውስጥ መክተት ነው፤ ልጆቹ የፈለጉትን ይድፉበት።» ከዚያ ስፖንጁን በቡጢ መታ መታ አድርጎ «ጠንካራ ነው፣ ይዝለሉበት» ይላል።

ውሃው የሚንከባለለው ጨርቁ ጎበዝ ስለሆነ አይደለም። ላዩ ላይ ውሃ የሚገፋ ኬሚካል ስለተረጨበት ነው። ያ ኬሚካል ደግሞ ሰው ተቀምጦ በተነሳ፣ በእርጥብ ጨርቅ በተጠረገ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል፤ መጀመሪያ የሚያልቀውም ልጆች በሚቀመጡበትና በእጃቸው በሚይዙት ቦታ ነው። በዚያ ላይ ልጅ ሶፋ ላይ የሚደፋው ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ አይደለም። ወተት ይደፋል፣ ጭማቂ ይደፋል፣ ቅባት የነካው እጁን ይጠርግበታል፣ ከዚያም ይቀመጥበታል። በክብደት ተጭኖ ሲገባ የማይሰርግ ነገር የለም። ሻጩ ግን ጠብታውን አይጫናትም፤ ሳትሰርግ በመሃረብ ያነሳታል። በአውራ ጣታችሁ ጠብታዋን እስከ 10 እየቆጠራችሁ ተጫኗት፤ ትርኢቱ እዚያው ያልቃል።

አሁን ወደ ዚፑ። አብዛኞቹ ሶፋዎች ላይ ያለው ዚፕ የተሰፋው ለፋብሪካው ነው። ሽፋኑ ባዶውን ይሰፋል፣ ከዚያ ስፖንጁ በለስላሳ ፋይበር ተጠቅልሎ በዚያ በኩል ይገባል፤ ዚፑ ይዘጋል፣ ሥራው አለቀ። ብዙ ጊዜ ፋይበሩ ስፖንጁ ላይ በማጣበቂያ ተለጥፏል፣ ስፖንጁም የራሱ የውስጥ ልባስ የለውም። ሽፋኑን ካወለቃችሁት ፋይበሩ ተጎትቶ ይጓጎላል፣ መልሳችሁ ስታስገቡት ማዕዘኖቹ ባዶ ይቀራሉ። በእርግጥ ተወልቆ እንዲታጠብ የተሠራ ሽፋን ሌላ መልክ አለው። ዚፑ ከኋላ ጀምሮ በሁለቱም በኩል ማዕዘኑን ይዞራል፣ መጎተቻዋ ጆሮ አልተነቀለችም፣ ከውስጥ ስፖንጁ በሌላ ስስ ጨርቅ ተሰፍቶ ተቀምጧል፣ የእጅ መደገፊያው ሽፋንም በቬልክሮ ተላቆ ይወጣል። ለኛ የተሸጠው ሶፋ ዚፕ ያለው በአንድ ጎን ብቻ ነው። ጆሮዋም የለችም፤ ሻጩ በጥፍሩ ነበር የከፈታት፣ ፍጥነቱ ግን ያንን ለማየት ጊዜ አይሰጥም።

ሽፋኑ በ30 ዲግሪ፣ በቀስታ መታጠቢያ ነው የታጠበው። ሲወጣ ሁለት ነገር ሆኖ ወጣ። አንደኛ ተሰበሰበ። ጥጥ ያለበት፣ ከመሰፋቱ በፊት ውሃ ያልነካው ጨርቅ ከ3 እስከ 5 በመቶ ቢያጥር የተለመደ ነው፤ 180 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም የመቀመጫ ሽፋን ላይ ይህ ከ5 እስከ 9 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው፤ ትራሱ ላይ ተመልሶ አይገባም። ሁለተኛ፣ የጨርቁ ጀርባ ነጭ ዱቄት አራገፈ። ይህ ጨርቁን ከጀርባ አጥብቆ የሚይዘው ቅብ ነው። ሽመናው የላላ ርካሽ ጨርቅ እንዳይሳሳብ ከኋላው ይቀባል፤ ማሽን ውስጥ ሲሽከረከር ቅቡ ይሰነጠቃል፣ ክሮቹ ልል ይሆናሉ፣ ስፌቱ ሳይበጠስ ጨርቁ ራሱ ከስፌቱ ሥር እየተንሸራተተ ይከፈታል። ይህን መልሶ የሚሰፋ ሰፊ አታገኙም፤ መርፌ የሚይዝበት ነገር የለማ።

ትራሱን ከነሽፋኑ ይዘን ስንመለስ ያ «የልጆች አባት» እዚያው ቆሟል። ሰላምታ የለም፣ «ልጆቹ እንዴት ናቸው» የለም። ትራሱን ተቀበለ፣ ገለበጠው፣ ከታች ጥቁሩ ስስ ጨርቅ ከዋናው ጋር በተገጠመበት ስፌት ውስጥ ሁለት ጣቱን ከተተና ታጥፋ የተደበቀች፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነጭ ቁራጭ ጨርቅ ጎትቶ አወጣ። ዘረጋትና ዓይናችን ሥር አመጣት። አንድ ኤክስ የሚባል የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ከጎኑ ውሃ የያዘ የማጠቢያ ሳህን ሥዕል፣ በሥዕሉ ላይ ሁለት የተሻገሩ መስመሮች። «ይኸው፣ አይታጠብም ይላል። ማንበብ ነው እንጂ!»

ልብ በሉ፤ ጨርቋን አልፈለጋትም። አላገላበጠም፣ አልዳበሰም፤ እጁ ቀጥ ብሎ ነው የሄደው። የት እንዳለች ያውቃል። ዚፑን ጥርርር ባደረገበት ሰዓትም ያውቅ ነበር፤ ያኔ ትራሱን የያዘው ያቺን ጎን ወደ ራሱ አድርጎ ነበር።

«ታዲያ ዚፑ ለምንድን ነው?» ሲባል ወደ ባልደረባው ዞሮ ሳቀ። «ዚፕ ያለው ሁሉ ይታጠባል እንዴ? ሻንጣም ዚፕ አለው!» እሷ ከስልኳ ቀና ሳትል፣ «ልጅ ያለው ሰው ደግሞ ክሬም ሶፋ ምን ያደርግለታል» አለች። ክሬሙን «ሳሎኑን ያሰፋዋል» ብላ ያስመረጠችው እኮ ራሷ ናት! ቆመን እየሰማናት፣ ለሌላ ገዢ በሌለንበት የምታወራ ይመስል።

ዋስትናውም ወጣ። ፊት ለፊቱ ላይ በትልቁ «10 ዓመት» ይላል። ከጀርባው በደቃቅ ፊደል፣ ዋስትናው ለእንጨቱ አካል ብቻ መሆኑ፣ ጨርቅ፣ ስፖንጅ፣ ዚፕና ስፌት እንደማይጨምር፣ ሽፋኑ «ያለ አግባብ ከታጠበ» ደግሞ ያም እንደሚቀር ተጽፏል። እንግዲህ እነሱ በቃል አጥቡት ይላሉ፣ ወረቀቱ ካጠባችሁት ዋስትና የላችሁም ይላል።

ያቺ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ያለችውን ፊደል ሁላችሁም ልታውቋት ይገባል። ደብሊው ከሆነ በውሃ በሚሠራ ማጽጃ ይጸዳል፤ ኤስ ከሆነ ውሃ በሌለው ኬሚካል ብቻ፤ ሁለቱ አብረው ከተጻፉ በሁለቱም ይሆናል፤ ኤክስ ከሆነ በቫኪዩም ወይም በደረቅ ብሩሽ ብቻ፣ ሌላ ምንም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነገር አለች፦ ደብሊው ማለት ማሽን ውስጥ ግባ ማለት አይደለም፤ የቆሸሸውን ቦታ እዚያው ሶፋው ላይ አጽዳ ማለት ነው። ማሽን የሚፈቀደው የሳህኑ ሥዕል ውስጥ እንደ 30 ወይም 40 ያለ ቁጥር ወይም ነጥብ ሲኖር ብቻ ነው።

«ጠንካራ ነው» የተባለው ስፖንጅም ያው ውሸት ነው። ጥንካሬ ስትቀመጡ የሚሰማችሁ ነው፤ ዕድሜውን የሚወስነው ግን እፍጋቱ፣ ማለትም አንድ ሜትር ኩቡ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ነው። ልጆች የሚዘልሉበት መቀመጫ ቢያንስ 30 ኪሎ ቢሆን ይመረጣል። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። 60 በ60፣ ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ስፖንጅ ይዘቱ 0.054 ሜትር ኩብ ነው። ባለ 30 ከሆነ 1.6 ኪሎ ይመዝናል፤ ባለ 18 ከሆነ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። የኛው የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ሲወጣ ኪሎ አልሞላም። እንዲህ ያለው መጀመሪያ ቀን ድንጋይ ይመስላል፣ በኋላ መሐሉ ይሰምጣል፣ ሽፋኑ ይጨማደዳል፣ የተጨማደደው ቦታ እየተፋተገ ቶሎ ይሳሳል። አንዳንዱ ስፖንጅ ደግሞ ሚዛን ላይ እንዲከብድ ዱቄት መሰል ነገር ይቀላቀልበታል፤ ጥጉን በጣታችሁ አሽታችሁ ፍርፋሪ ከለቀቀ ሚዛኑንም አትመኑት።

እንጨቱንስ? የሶፋውን አንድ የፊት እግር ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። ሌላኛው የፊት እግር አብሮ ካልተነሳ አካሉ እየተጣመመ ነው፤ ውስጡ ቺፑድ በስቴፕል የተያያዘ ሊሆን ይችላል፣ የእጅ መደገፊያው ላይ ፈረስ ለሚጋልብ ልጅ አይበረክትም። «ጨርቁን ካልወደዳችሁት ሌዘር አለን» ካሏችሁ ደግሞ የተፈጨ የቆዳ ቁርጥራጭ በፕላስቲክ ተጣብቆ ሊሆን እንደሚችል አስቡ። እሱን አልኮል ባለው መጥረጊያ ስትጠርጉት ይደርቅና መላጥ ይጀምራል፤ አንዴ ከተላጠ ልጆቹ በጥፍራቸው ይጨርሱታል።

የቀረውን ጥቅል ባጭሩ። ጠረጴዛው «ቴምፐርድ መስታወት ነው» ተብሏል፤ እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ጥጉ ላይ የማይፋቅ ማህተም አለው፣ በዚህኛው ላይ የለም። ልዩነቱ ትልቅ ነው፦ ቴምፐርዱ ሲሰበር እንደ ጠጠር ይበተናል፣ ተራው እንደ ቢላ ይሰነጠቃል። ለማዕዘኑ የሰጡን ለስላሳ መከላከያ በማጣበቂያ የሚለጠፍ ነው፤ ልጅ ነቅሎ አፉ ውስጥ ይከተዋል። ምንጣፉ ጸጉሩ ረጅም ስለሆነ የወደቀውን ሁሉ ይደብቃል፣ ከሥሩ የማያንሸራትት ነገር የለውም። የቴሌቪዥኑ ማስቀመጫ ባለ መሳቢያ ነው፣ ቀላል ነው፣ ከግድግዳ ጋር የሚያያዝበት ብረት ግን ካርቶኑ ውስጥ የለም። ስንጠይቅ «ግድግዳ መብሳት የኛ ሥራ አይደለም» ተባልን። ልጅ መሳቢያዎቹን ስቦ እንደ ደረጃ ሲወጣባቸው ዕቃው ከነቴሌቪዥኑ ላዩ ላይ ይወድቃል፤ ይህ ልጅ የሚገድል ነገር ነው። በግንብ ላይ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፊሸር፣ 5 ሚሊ ሜትር ብሎንና ኤል ቅርጽ ብረት፣ በላይኛው ጠርዝ በግራና በቀኝ ከግድግዳው ጋር አያይዙት። የፕላስቲክ ማሰሪያ አትጠቀሙ፤ ይደርቅና ይበጠሳል።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ስጦታዋ ናት። የመብራቷ ሪሞት ስስ ካርድ ናት፤ ባትሪዋ ከጎን በጥፍር ተስባ ትወጣለች፣ የሚዘጋት ብሎን የለም። ውስጧ ያለችው ክብ የሊቲየም ባትሪ ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር ነው። ይህች መጠን ትንሽ ልጅ ከዋጣት ጉሮሮ ውስጥ ልትሰነቀር ትችላለች፤ ከተሰነቀረች ከምራቅ ጋር የኤሌክትሪክ ዑደት ፈጥራ በ2 ሰዓት ውስጥ የምግብ ቧንቧን ክፉኛ ታቃጥላለች። አለቀች የተባለችውም ባትሪ ይህን ለማድረግ የሚበቃ ኃይል ይቀራታል። ልጅ ውጧል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ እንዲያስታውክ ለማድረግ አትሞክሩ፣ ጠዋት እናያለን አትበሉ፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል። ይህን ዕቃ «ለልጆች ቤት» ብሎ በሪባን አስሮ መስጠት ምን ይባላል?

ለምትገዙ፦ መጀመሪያ ትራሱን ገልብጡና ቁራጭ ጨርቋን ራሳችሁ አውጡ። «ተወልቆ በ30 ዲግሪ በማሽን ይታጠባል» የሚል ቃል ደረሰኙ ላይ ይጻፍና ማህተም ይረፍበት፤ የስፖንጁ እፍጋትም እንዲሁ። የጨርቁን የማርቲንዴል ቁጥር፣ ማለትም ሳይበላ ስንት ዙር መፋተግ እንደሚችል የሚያሳየውን፣ ጠይቁ፤ ከ25,000 በታች ለልጆች ቤት አይሆንም።

አስቀድማችሁ የገዛችሁ ደግሞ ዋናውን ሽፋን አትንኩት፣ ከላዩ የሚለብስ ሌላ አሰፉ። ለ60 በ60 በ15 ትራስ፣ ስፋቱ 1.5 ሜትር ከሆነ ጨርቅ 1.2 ሜትር ይበቃል። ከመቆረጡ በፊት ጨርቁን እጠቡና አድርቁት፣ መሰብሰብ ያለበት ያኔ ይሰብሰብ። ዚፑ ከኋላ ሆኖ በሁለቱም ማዕዘን 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ይዙር፤ ለእያንዳንዱ ትራስ ሁለት ሽፋን ካሰፋችሁ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይለብሳል።