አራብሳ አካባቢ የመብራትና የቧንቧ ባለሙያ ለምትፈልጉ

ይህን የምጽፈው አንድም የቤታችንን መብራትና ውሃ ያስተካከለልንን ልጅ ለማመስገን፣ አንድም አዲስ ቤት ገብታችሁ "ማንን ልጥራ?" ለምትሉ ለመጠቆም ነው። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ 4ኛ ፎቅ ላይ ተከራይተን ገባን። ቀለሙ አዲስ፣ ሴራሚኩ አዲስ፣ ሁሉም ነገር ያብረቀርቃል። ችግሩ ያለው ከቀለሙ ጀርባ ነበር።

ልጁ የመብራትም የቧንቧም ስራ ይሰራል። ሁለቱንም እሰራለሁ የሚል ሞልቷል፤ አብዛኛው ግን አንዱን ያውቅና ሌላውን በእናንተ ቤት ይሞክራል። ይሄኛው ሁለቱንም ጠንቅቆ ያውቃል። ከሙያውም በላይ የወደድኩለት "ይሄ አያስፈልጋችሁም" እና "ይሄ የእኔ ስራ አይደለም" ማለት መቻሉን ነው።

ከመብራቱ ልጀምር። ምጣድ ብቻውን ሲሰካ ቤቱ ይችላል። ስቶቭ ሲጨመርበት ትንሽ ቆይቶ ብሬከሩ ይወርዳል። መጀመሪያ ሌላ ሰራተኛ ጠርተን ነበር። መጣ፣ አየት አደረገ፣ "ብሬከሩ ደክሟል" አለ፣ ባለ 32 አምፒር አስገባ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። እውነትም ከዚያ በኋላ ወርዶ አያውቅም። እናቴም መረቀችው።

ይሄን ልጅ የጠራነው ለውሃ ነበር። ኩሽና ሲገባ ግን ቆም አለና አፍንጫውን ወደ ሶኬቱ አስጠጋ። "እዚህ ላይ ነው የምትጋግሩት?" ብሎ ጠየቀ። ብሬከሩን አወረደ፣ በቴስተር አረጋገጠ፣ ሶኬቱን በካቻቢቴ ፈታው። ከፊት ለፊት ነጭ ነው፤ ምንም አይታወቅበትም። ከጀርባው ቀልጧል። የሽቦው ልባስ ጠቁሮ በጣት ሲነካ ይፈረፍራል። አንዱ ብሎን ከፕላስቲኩ ጋር ተጣብቆ አልፈታ አለ። የኧርዙን ሽቦ (መብራት ሲያፈተልክ ሰው እንዳይዝ ወደ መሬት የሚወስደውን) ደግሞ የሆነ ሰው ቆርጦ በናስትሮ ጠቅልሎት አገኘነው።

እናቴ "ብሬከሩ ተቀይሮ የለም እንዴ?" አለችው።

"እናቴ፣ ብሬከሩ እኮ ጥፋት አልነበረበትም። ዘበኛ ነው። ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሲሸከም መብራቱን ያጠፋል። ዘበኛውን አንስተው እንቅልፋም አስቀመጡላችሁ።"

ከዚያ ካርቶን ቀዶ አሰላልን። ምጣዳችን 3,500 ዋት ነው፤ ጀርባው ላይ ተጽፏል። በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፒር ገደማ ይስባል። ስቶቩ 2,000 ዋት ስለሆነ 9 አምፒር ይጨምራል። ሁለቱ አንድ ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦ ላይ 25 አምፒር ሆኑ ማለት ነው። የድሮው ባለ 20 ብሬከር መውረዱ ልክ ነበር። 32ቱ ግን ዝም ብሎ ያያል፤ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይበስላል። ብሬከር ስለወረደባችሁ በትልቅ ልቀይርላችሁ የሚል ሰው ከመጣ በትህትና ወደ በሩ ሸኙት።

ልጁ ለምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ ጀምሮ ለብቻው ወፈር ያለ፣ ባለ 4 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦ ዘረጋ፣ የራሱን ባለ 25 ብሬከር ሰጠው። ለድሮው መስመር ባለ 20ውን መለሰለት። ኧርዙንም አሰረው። ምጣድን የሚያህል ነገር በእርጥብ እጅ እየነካን ያለ ኧርዝ እንዴት እንደጋገርን ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል።

ወደ ውሃው። ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት። ሮቶው ሲሞላ ሰምተን እንተኛለን። ረፋድ ላይ ቧንቧው ይተነፍሳል እንጂ ጠብታ የለም። ጎረቤት ሁሉ የየራሱን ምርመራ ሰጠን። ሮቶው ተሰንጥቋል ያለም አለ፣ ከታች ያሉት ይስቡባችኋል ያለም አለ። እኛም ትልቅ ሮቶ ልንገዛ ዋጋ እየጠየቅን ነበር።

ልጁ ሮቶውን ዞር ዞር ብሎ አየና "ደረቅ ነው፣ አያፈስም" አለ። ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ አስዘጋን። ውሃው ከሄደ በኋላ ወርዶ የቆጣሪውን ክዳን ከፈተና ጠራን። ቆጣሪው መስታወት ስር ያለችው ትንሽ ኮከብ ትዞራለች። ግን ወደ ኋላ! ሌሊት ያጠራቀምነው ውሃ በመጣበት መንገድ ወደ ዋናው መስመር እየተመለሰ ነው። ይሄን እንዲከለክል የተገጠመው ቼክ ቫልቭ ውስጡ አሸዋ ይዞ አልዘጋ ብሏል። አዲስ ገዛን፣ ቴፍሎን ጠቅልሎ ገጠመው። ሲገጥም ቫልቩ ላይ ያለውን ቀስት አሳየኝ፤ ቀስቱ ውሃው ወደሚሄድበት፣ ማለትም ወደ ቤት፣ መዞር አለበት። ሮቶ ግዙ ቢለን ኖሮ ያለ ጥያቄ እንገዛ ነበር። እሱም ለመግጠሚያ ያስከፍለን ነበር። አላለም።

በዚያው ሰሞን የመብራት ቆጣሪያችን ስክሪኑ ጠፋ። አንድ ጎረቤት "እሱ ካለ ምን ትጨነቃላችሁ፣ ከፍቶ ያየዋል" አለን። ልጁ ግን ማሸጊያውን ሲያይ እጁን ሰበሰበ። "እስከ ቆጣሪው ድረስ የመስሪያ ቤቱ ነው። ከቆጣሪው ወዲህ የእኔ" አለ። 905 ደወልን፤ ባለሙያ ተልኮ ታየልን። ማሸጊያ ተነክቶ ቢገኝ ጣጣው የሚተርፈው ለእኛ ነበር።

ለአዲስ ገቢዎች እሱ የነገረንን ላካፍላችሁ። የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ያለበት ቤት ከሆነ የመብራት ካርዱን ሳትቀበሉ ቁልፉን አትቀበሉ። የቀድሞው ተከራይ ኪሱ ይዞት ከሄደ ምትክ ማውጣቱ ሌላ ሰልፍ ነው። ቀጥሎ ቆጣሪው የእናንተ መሆኑን አረጋግጡ። ኮንዶሚኒየም ላይ ቆጣሪዎቹ አንድ ቦታ ተደርድረው ስለሚቀመጡ መምታታት አለ። እሱ ታች ሆኖ በስልክ እያወራኝ ብሬከሩን አወረደው፣ እኔ ላይ ሆኜ "ጠፋ" አልኩት፤ በቃ። ውሃውን ደግሞ የገባችሁ ዕለት የቆጣሪውን ንባብ ፎቶ አንሱ፣ የመጨረሻውን ደረሰኝ ከባለቤቱ ጠይቁ። የቆሻሻው ክፍያ አብሮ ስለሚመጣ ቢሉ በዛ ብላችሁ አትደንግጡ። የውሃ ብልሽት 906 ነው። ኢንተርኔት ለማስገባት እኛ በ994 ጠይቀን ነው የጀመርነው፤ እዚያ ላይ ብዙ የምለው የለኝም።

ስለ ሂሳብ። ዋጋውን ስራውን አይቶ ይናገራል፣ ከጀመረ በኋላ አይጨምርም። እቃውን በወረቀት ጽፎ ይሰጣችኋል፣ ራሳችሁ ትገዛላችሁ። ሽቦ ተርፎ ጠቅልሎ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠልን፤ እንዲህ ያለ ሰው ስንቱ ነው? ክፍያ በቴሌብር ይቀበላል። ቡና ግን በቴሌብር አይሆንም፣ እናቴ አፍልታ አስቀምጣዋለች። አሁን ከእኔ በላይ የምትጠይቀው እሷ ነች።

ጉድለት የለበትም አልልም። ሰዓት አያከብርም። "3 ሰዓት ላይ እደርሳለሁ" ካለ ለ5 ተዘጋጁ። እሁድ ከቅዳሴ በፊት አይታሰብም። ሴራሚክና ቀለም አይነካም፣ ብትለምኑትም።

ወንድሜ፣ ስላደረግክልን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እጅህ ይባረክ። እሳት ቢነሳ ምን ይውጠን እንደነበር አንተም እኛም እናውቃለን።

ስሙንና ስልኩን በአደባባይ አታውጪብኝ ስላለኝ እዚህ አልጻፍኩትም። ከአራብሳ፣ ከአያትና ከሰሚት ውጭ ብዙም አይሄድም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ስትደውሉለት ካላነሳ አትናደዱ፤ ጣራ ላይ ሆኖ ነው። የቤታችሁን ችግርና የብሎክ ቁጥራችሁን በቴክስት ላኩለት፣ ማታ ይመልሳል።