ሚስ ማርፕል፣ ቬራ ዎንግ ወይስ የሐሙሶቹ ጡረተኞች፦ የትኛውን ልግዛ?

ደም የማይረጭበት፣ ገዳዩን ፖሊስ ሳይሆን አንዲት የሰፈር እማማ የምትደርስበት፣ እግረ መንገዱንም የሚያስቅ የወንጀል ልብ ወለድ አለ። ፈረንጆቹ ኮዚ ሚስትሪ ይሉታል። የጅማ ዝናብ አልለቅ ሲል ቤት ዘግቶ ለማንበብ ከዚህ የሚሻል አላውቅም። ችግሩ እዚህ ሱቅ ገብታችሁ ሙሉውን ተከታታይ መደርደሪያ ላይ የማግኘታችሁ ነገር ነው። አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ፈልጎ በሰው ይልካል፣ ካልሆነም ስልክ ላይ ይነበባል። ዘመድ ከማስቸገራችሁ በፊት ታዲያ ሦስቱን ጎን ለጎን እንያቸው።

ለሳቅ ከሆነ አታመንቱ፣ ቬራ ዎንግን ውሰዱ። ቬራ 60 ዓመቷ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ፣ ቻይናታውን ውስጥ ደንበኛ የራቀው ሻይ ቤት አላት። ሻይ ቤቱን የሰየመችው በራሷ ስም አይደለም፤ በታዋቂዋ የሙሽራ ልብስ ዲዛይነር በቬራ ዋንግ ስም ነው፣ ሰው ስሙን አይቶ ይግባ ብላ! አንድ ቀን በማለዳ ወደ ሱቋ ስትወርድ የሞተ ሰው ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ታገኛለች። ፖሊስ እስኪመጣ ዝም ብላ ትጠብቃለች? በእጁ የያዘውን ፍላሽ ወስዳ ትደብቃለች፣ የሬሳውንም ዙሪያ በማርከር ታሰምርበታለች። ፖሊሶቹን ማገዟ ነው እንግዲህ። ከዚያ የጠረጠረቻቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ሰብስባ ሻይ እየቀዳች፣ ምግብ እየደራረበችባቸው ትመረምራለች፤ ገዳይ ነህ ብላ የምትጠረጥረውንም ሳይቀር ካልበላህ አትሄድም ትለዋለች። ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠርታ በሦስተኛው ስኒ የሰውን ጓዳ ሁሉ የምታውቅ እናት ያለችው የጅማ ልጅ ቬራን ገና ከመጀመሪያው ገጽ ያውቃታል።

ደራሲዋ ጄሲ ኪው ሱታንቶ ናት። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ2023፣ ሁለተኛው በ2025 ወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። እንግሊዝኛዋ የዛሬ እንግሊዝኛ ነው፤ መዝገበ ቃላት ብዙ አያስገልጥም። ድክመቱ እንቆቅልሹ ላይ ነው። መሐል ላይ የተጠርጣሪዎቹ የግል ታሪክ ይበዛና ግድያው ይረሳል፣ ነቃ ያለ አንባቢም ገዳዩን ቀድሞ ሊገምት ይችላል። እኔን አላስከፋኝም፤ ቬራን እንጂ ገዳዩን ብዬ አላነበብኩትማ።

የሪቻርድ ኦስማን ዘ ሰርስደይ መርደር ክለብ ሌላ ዓይነት ነው። ሐሙስ ጅማ ገበያ ነው፤ እነዚህ አራት ጡረተኞች ግን ሐሙስ የሚሰበሰቡት ያልተፈታ የግድያ ዶሴ ሊያገላብጡ ነው። ኬንት፣ እንግሊዝ ውስጥ ባለ የጡረተኞች መንደር ይኖራሉ። ኤልዛቤት የቀድሞ ሰላይ ናት፣ ጆይስ ነርስ ነበረች፣ ኢብራሂም የሥነ አእምሮ ሐኪም፣ ሮን ደግሞ የሠራተኛ ማኅበር መሪና የዌስትሃም ደጋፊ። ቅዳሜ ኳስ ቤት የማትጠፉ ከሆነ የሮንን ቀልድ የሚያስረዳችሁ ሰው አያስፈልግም። ሳቁ ግን ሐዘን ያለበት ሳቅ ነው፤ የኤልዛቤት ባል የመርሳት ሕመም ይዞታል፣ ሞትም ከደጃፋቸው አይርቅም። በቅርቡ እናት ወይም አባት የቀበረ ሰው ይህን ቢያቆየው ይሻላል። ሴራው ከቬራ ይልቅ የተወሳሰበ ነው፣ ምዕራፎቹ ግን አጫጭር ናቸው፤ መብራት ሲመጣ ሲሄድ ቆርጦ ለመቀጠል ይመቻል። በ2025 ኔትፍሊክስ ፊልም አድርጎታል። ፊልሙን አስቀድማችሁ ካያችሁ ገዳዩን አወቃችሁ ማለት ነው።

ሚስ ማርፕል የሁሉም አያት ናት። አጋታ ክሪስቲ የመጀመሪያውን የማርፕል ልብ ወለድ በ1930 አወጣች፣ የማርፕል ልብ ወለዶች በጠቅላላው 12 ናቸው፣ የመጨረሻው የታተመው በ1976። ሹራቧን እየሠራች፣ አትክልቷን እየኮተኮተች፣ ተጠርጣሪውን ሁሉ ከመንደሯ ሰው ጋር ታመሳስለዋለች፤ ይሄ የዚያን ሌባ ልጅ ይመስለኛል ብላ ነገሩን ትፈታዋለች። እንቆቅልሽ ከወደዳችሁ ከሦስቱ የሚደርስባት የለም። ሳቁ ግን ከንፈር ላይ የሚቀር ነው እንጂ ሆድ ይዞ የሚያስቅ አይደለም። እንግሊዝኛውም የድሮ የገጠር እንግሊዝ ነው፤ የቄሱ፣ የሻይ ግብዣው፣ የቤት ሠራተኛዋ ወግ ይበዛበታል። ከሳቅ ጋር ከፈለጋችሁ ዘ መርደር አት ዘ ቪካሬጅን ያዙ፤ ተራኪው ራሱ ቄሱ ነው፣ በገዛ ቤቱ ላይ እንዴት እንደሚያላግጥ!

አሁን ወደ ኪስ እንምጣ። ማርፕልን በየትኛውም ቅደም ተከተል ማንበብ ይቻላል፣ ስለዚህ ያገለገለ መጽሐፍ ከሚሸጡት ዘንድ የተገኘውን ግዙ። የቬራ ሁለት ብቻ ስለሆነ ኪስ አይጎዳም። የኦስማን ግን አምስት ደርሷል፣ በተራው ካልተነበበ ደግሞ ይበላሻል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን፣ ሦስተኛው የሁለተኛውን ምስጢር እየዘረገፈ ነው የሚሄደው። ዘመዳችሁ የመጀመሪያውን አጥቼ ሦስተኛውን ላክሁልህ ካለ ሳትከፍቱ አስቀምጡት፣ የቬራን አንደኛ ደግሞ በሚቀጥለው ሰው ይላክላችሁ።