ደሴ ላይ ከለር ፕሪንት ለምትፈልጉ፦ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለችው ትንሿ ቤት

ሰላም ወገን፣ ደሴ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፣ ሰሞኑን ክፍል ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ግራፍ ላሳትም ሁለት ቤት ሄጄ ነበርና እንደኔ የሚቸገር አስተማሪ ካለ ይጠቅመዋል ብዬ ነው።

ግራፉ የቤሪንግ ባህር ነው፣ አላስካና ሩሲያ መሀል ያለው፣ የባህሩ በረዶ ድሮ መቼ ሰፋ መቼ ሸሸ የሚለውን ያሳያል። ይሄ የሚታወቀው ከባህሩ ወለል ተቆፍሮ ከሚወጣ ጭቃ ነው። በረዶው ውስጥ የሚኖሩ አንዳንድ ዳያቶሞች (በአይን የማይታዩ አልጌዎች ናቸው) አይፒ25 የሚባል ቅባት ነገር ይሰራሉ፣ ሲሞቱ ወለሉ ላይ ይቀመጣል፣ ሳይንቲስቶች ከ2007 ጀምሮ እሱን እየለኩ ነው የድሮውን በረዶ የሚያውቁት። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ አይፒ25 ከጠፋ ሁለት ትርጉም አለው፣ ወይ በረዶ ጭራሽ አልነበረም ወይ ደግሞ ከመወፈሩ የተነሳ ብርሃን አላሳልፍ ብሎ ዳያቶሙም መኖር አልቻለም። ስለዚህ ክፍት ውሃ ላይ የሚኖሩት ፍጥረታት የተዉት ኬሚካል ሁለተኛ መስመር ሆኖ አብሮ ይሳላል፣ ሁለቱም ከወረዱ ድፍን በረዶ ነው፣ አይፒ25 ብቻውን ወርዶ ሌላው ከወጣ ክፍት ባህር ነው።

እና ፒያሳ አካባቢ ያለው የመጀመሪያው ቤት (ስሙ ይቆይ) ከለር ብዬ አዝዤ በጥቁርና ነጭ አወጣልኝ፣ ሁለቱም መስመር ግራጫ። ልክ አይደለም ስል "ያው መስመሩ ይታያል አይደል" ተባልኩ፣ ብሩንም ከፈልኩ። ያው አይደለም! ተማሪው መስመሮቹን ካምታታ ክፍት ባህሩን በረዶ ብሎ ነው የሚያነበው።

ቧንቧ ውሃ ያለችው ቤት ግን ሌላ ናት። ማሽኑ ላይ ያለችው ልጅ ፋይሉን ከፍታ አየችና "ቲቸር እነዚህ ሁለቱ ሰማያዊዎች አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ?" አለችኝ። ይለያያሉ ስላት አንዱን ወደ ቀይ ቀየረችው፣ መጀመሪያ በትንሽ ወረቀት ሞክራ አሳየችኝ፣ ወረፋ ሰው ስላለ ስሳቀቅ "አብሽር፣ ልክ ይሁንልህ" አለችኝ። ኤ3 ከነላሚኔሽኑ 90 ብር፣ ከፒያሳው በ20 ብር ይበልጣል ግን ሐቅ ነው።

አሁን ክፍል ተለጥፏል። ከ14,700 አመት በፊት አለም ድንገት ሲሞቅ በረዶው ሲሸሽ፣ ከ12,900 እስከ 11,700 ድረስ ብርዱ ሲመለስ እሱም ተመልሶ ሲመጣ ከመጨረሻው ወንበር ሳይቀር ይታያል። አንዱ ተማሪ "እኛ ሐይቅ ላይስ እንዲህ ጭቃ አውጥቶ ማወቅ ይቻላል?" አለ (ደሴ አጠገብ ያለውን፣ ሐይቅ የሚባለውን ማለቱ ነው)፣ በረዶ ባይኖርም ከሐይቅ ደለል ያለፉት 2,000 አመታት ዝናብና ድርቅ እንደተጠና ስነግራቸው ደወል ተደውሎም የሚወጣ አልነበረም፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ቤቷ ያላት ማሽን አንድ ብቻ ነው፣ መብራት ከጠፋ መጠበቅ ነው፣ አርብ ለጁምዓ ይዘጋሉ፣ ሰኞ የገበያ ቀን ስለሆነ ወረፋው አይቻልም። ፋይሉን ደግሞ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ውሰዱ፣ በወርድ ከሆነ የአማርኛው ፊደል ይበታተናል።